ከጂም ግድግዳ ወደ ዓለት፦ ለመጀመሪያው የቡድን ስፖርት ክላይሚንግ ጉዞ እንዴት እንዘጋጅ?

ስፖርት ክላይሚንግን (ቀድመው በተተከሉ ብሎኖች ገመድ እያስገቡ ግድግዳ ወይም ዓለት መውጣትን) በጂም ግድግዳ ላይ ለወራት የሠለጠነ ቡድን ወደ ውጭ ዓለት ሊሄድ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያሳስበው የጣቱና የክንዱ ጉልበት ነው። እዚህ ላይ ግን ጉልበት የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ጂም ውስጥ የገመዱ ርዝመት ከግድግዳው ቁመት ጋር ተለክቶ ተዘጋጅቷል። ብሎኖቹን የሚፈትሽ ሠራተኛ አለ። ወለሉ ፍራሽ ለብሷል፤ ጫፍ ላይ ሲደረስም ገመዱን እዚያው በተሰቀለው ካራቢነር (የሚከፈት በር ባለው የብረት ማያያዣ) ውስጥ አስገብቶ መውረድ ነው። ውጭ ይህ ሁሉ የራሳችሁ ሥራ ይሆናል።

ቡድን ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ሲወጡ አንዱ የሌላውን ሕይወት እንደያዘ ያውቃል። ሰባት ስምንት ሲሆኑ ግን «እገሌ አይቶታል» ይባላል፣ እገሌም ስለ ሌላው እንደዚያው ያስባል። ስለዚህ ከዚህ በታች በዘረዘርኩት እያንዳንዱ ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን የሚፈትሸው ማን ነው? መልሱ የአንድ ሰው ስም ካልሆነ፣ የሚፈትሸው ሰው የለም ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ ቦታ

ከቡድኑ ውስጥ ቢያንስ ሁለቱ ከዚህ በፊት ውጭ ዓለት ላይ ገመድ እየመሩ (ከሁሉ ቀድመው ገመዱን በየብሎኑ እያስገቡ) የወጡ፣ ጫፍ ላይ አንከር (ገመዱ የሚንጠለጠልበትን ማሰሪያ) አዘጋጅተውና ነቅለው የወረዱ መሆን አለባቸው። አንድ ሰው አይበቃም፤ እሱ ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ ሳለ ችግር ቢገጥመው ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው መሬት ላይ ሊኖር ይገባል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከሌሏችሁ በሙያው የሠለጠነ አስወጪ ቅጠሩ። በቪዲዮ ብቻ የተማሩትን አንከር መንቀል እዚያው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ፈጽሞ አልመክርም።

ለአንድ ገመድ ሦስት ወይም አራት ሰው ይመቻል። አንዱ ይወጣል፣ ሁለተኛው ገመድ ይይዛል፣ ሦስተኛው ይፈትሻል፣ አራተኛው ያርፋል። ከዚያ ከበዛ ሰዉ ተራ ሲጠብቅ ይሰላቻል፣ ወሬ ይደራል፣ ገመድ ያዡም ዓይኑ ወደ ወሬው ይሄዳል።

ቦታውን ስትመርጡ የአካባቢውን የመውጫ መስመሮች መመሪያ መጽሐፍ ወይም መተግበሪያ ተመልከቱ። የምትፈልጉት መረጃ አራት ነገር ነው፦ የመስመሩ ቁመት፣ የብሎኖቹ ብዛት፣ የአስቸጋሪነት ደረጃውና ዓለቱ ፊቱን ያዞረበት አቅጣጫ። ለመጀመሪያ ቀን ቁመታቸው ከ15 እስከ 20 ሜትር የሆነ፣ ብሎኖቻቸው የተቀራረቡ፣ ግርጌያቸው ሰፊና ደልዳላ የሆነ መስመሮችን ምረጡ። በፈረንሳይ የአስቸጋሪነት መለኪያ (ቁጥሩና ፊደሉ ሲጨምር መስመሩ ይከብዳል) ጂም ውስጥ 6ቢ የሚወጣ ሰው ውጭ ከ5ቢ ወይም ከ5ሲ ቢጀምር ይሻለዋል። ውጭ መያዣው በቀለም አልተለየም፤ እግር የሚያርፍበትን ትንሽ ጉርብጥ ራስ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፣ የብሎኖቹም ርቀት ብዙውን ጊዜ ከጂሙ ይሰፋል። ቀላል የተባለው መስመር ላይ መንቀጥቀጥ የተለመደ ነገር ነው፣ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ሳትሄዱ በፊት ቦታው ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። አንዳንድ ዓለት ላይ ጭልፊትና ንስር ጎጆ ሠርተው እስኪፈለፍሉ ድረስ መውጣት ለወራት ይከለከላል። ወፏ ከተደናገጠች እንቁላሏን ጥላ ልትሄድ ትችላለች፣ ክልከላውን የጣሰ ቡድንም ቦታውን ለሌላው ሁሉ ያዘጋበታል።

ከጉዞው በፊት ጂም ውስጥ የሚለመድ

ሁሉም ሰው፣ መምራት የማይፈልገውም ጭምር፣ የስምንት ቁጥር ቋጠሮን (ገመዱን ወገብና እግር ላይ ከሚታሰረው ቀበቶ፣ ከሃርነሱ ጋር የሚያስረውን) ሳያይ እስኪቋጥር ይለማመድ። ገመድ የሚይዙት ደግሞ የመሪን ውድቀት መያዝን፣ በተለይም ሳይጠብቁት የመጣን ውድቀት ይልመዱ። እዚህ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለ፣ ድርድርም የለውም፦ የፍሬን እጅ (ገመዱን ከሚገታው የፍሬን መሣሪያ በታች የያዘው እጅ) ከገመዱ ላይ አይነሳም። ራሱ የሚይዝ የፍሬን መሣሪያ ቢሆንም እንኳ።

የጫፉን ሥራ መሬት ላይ ተለማመዱት። ሁለት የብረት ቀለበት ደረት በሚደርስ ከፍታ ላይ እሰሩ፣ ሃርነሳችሁን ልበሱ፣ ከታች «ጫፍ ላይ» በሚለው ክፍል የጻፍኩትን ደጋግማችሁ ሥሩት፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ዝም ብሎ ይመልከተውና ሲጨርስ ያየውን ይንገረው። እጅ ሲደክም፣ ነፋስ ሲነፍስና ቁልቁል ሲታይ ጭንቅላት ይዘነጋል፤ እጅ ግን የለመደውን አይረሳም።

ዕቃው

እያንዳንዱ ሰው የራሱ ጫማ፣ ሃርነስ፣ ሄልሜት፣ የፍሬን መሣሪያ ከቁልፍ ካራቢነር (በሩ ከሚቆለፍ ካራቢነር) ጋር፣ አንድ ስሊንግ (ቀለበት የሆነ ጠንካራ የጨርቅ ማሰሪያ) እና ተጨማሪ ሁለት ቁልፍ ካራቢነሮች ይኑረው። ሄልሜቱ ለሚወጣው ብቻ አይደለም። ድንጋይ የሚወርደው ከሚወጣው ሰው እግር ሥር ነው፣ የሚያርፈው ደግሞ ታች በቆመው ላይ። የጋራውን ዕቃ ተከፋፈሉት፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ኩዊክድሮው (ገመዱን ከብሎኑ ጋር የሚያገናኙ፣ በጨርቅ የተያያዙ ሁለት ካራቢነሮች) ስትቆጥሩ በምትወጡት ረጅሙ መስመር ላይ ባሉት ብሎኖች ልክ፣ ለአንከሩ ሁለት፣ አንዱ ቢወድቅ ደግሞ ሁለት ትርፍ ያዙ። አሥር ብሎን ላለው መስመር አሥራ አራት ማለት ነው።

አንድ ካራቢነር አንሡና ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙሩት። ሦስት ቁጥሮች ተቀርጸውበታል፣ በአጠገባቸውም ትናንሽ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው በሩ ተዘግቶ በርዝመቱ ሲሳብ የሚችለው ኃይል ነው፣ ቢያንስ 20 ኪሎኒውተን። ሁለተኛው በጎኑ ሲሳብ፣ ሦስተኛው በሩ ክፍት ሆኖ ሲሳብ የሚችለው ነው፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ኪሎኒውተን ናቸው። ያው ብረት በሩ ከተከፈተ ወይም ከተጋደመ ከጥንካሬው ግማሹን ወይም ከዚያ በላይ ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ በሩ የዓለት ጉብታ ላይ ተጭኖ እንዳይከፈት ማየት፣ ቁልፍ ያለውንም ሁልጊዜ መቆለፍ ያስፈልጋል። ቁጥር ያልተቀረጸበት ካራቢነር የቁልፍ መያዣ ነውና ቤት ይቅር።

ገመዱ ነጠላ (ያለ ሌላ ገመድ ለብቻው የሚሠራ) እና ተለጣጭ መሆን አለበት። ውፍረቱ ከ9.5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጀማሪ እጅ ይስማማል፤ ከዚያ የቀጠነው በፍሬኑ ውስጥ ፈጥኖ ይሾልካል። የዚህ ገመድ ብልሃት መለጠጡ ነው። ዩአይኤኤ የተባለው ዓለም አቀፍ የተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን ባወጣው መለኪያ ነጠላ ገመድ 80 ኪሎ ክብደት ታስሮበት ቢያንስ አምስት ከባድ ውድቀት መቋቋም አለበት፤ በመጀመሪያው ውድቀት የሚያስተላልፈው ኃይልም ከ12 ኪሎኒውተን መብለጥ የለበትም። ለዕቃ ማሰሪያ የተሠራ የማይለጠጥ ገመድ ክብደቱን ሊችል ይችላል፤ ምቱን ግን ሳያበርድ በቀጥታ ወደ ሰውየው ወገብ ያመጣዋል።

ታሪኩን የማታውቁትን ገመድና ሃርነስ አትዋሱ። ናይለን ፀሐይና አሲድ ይጎዱታል፣ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል። በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከባትሪ አጠገብ የቆየ ገመድ አዲስ ቢመስልም አይታመንም።

የገመዱ ርዝመት

ይህን ለብቻው ያነሣሁት፣ የተለማመዱ ሰዎችም ሳይቀሩ በዚህ ስለሚጎዱ ነው። የወጣው ሰው ሲወርድ ገመዱ መስመሩን ሁለት ጊዜ ይሸፍናል፤ ከገመድ ያዡ ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች። 32 ሜትር ለሆነ መስመር 64 ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። 60 ሜትር ገመድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የሚወርደው ሰው ገና አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሳለ የገመዱ ጫፍ በፍሬኑ ውስጥ ሾልኮ ያመልጣል። ገመድ ያዡ ወደ ላይ እንጂ ወደ እግሩ ስለማይመለከት ማለቁን አያየውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የገመዱ የታችኛው ጫፍ ላይ ወፍራም ቋጠሮ ቋጥሩ፣ ወይም ጫፉን ከገመድ ከረጢቱ ጋር እሰሩት። መስመሩ አጭር ነው ብላችሁ አትተዉት። ሁልጊዜ የሚደረግ ነገር አይረሳም፤ «ሲያስፈልግ» የሚደረግ ግን ባስፈለገበት ቀን ይረሳል። ከዚህ በተጨማሪ የገመዱን ርዝመት በከረጢቱ ላይ በጉልህ ጻፉ፣ ከመስመሩ ቁመት ጋርም ጮክ ብላችሁ አነጻጽሩ። በቡድን ጉዞ ላይ የማን ገመድ ስንት ሜትር እንደሆነ በቀላሉ ይቀላቀላል።

ዓለቱ ሥር ስትደርሱ

ቦርሳችሁን ከግድግዳው ራቅ አድርጉ፣ የሚያርፉትም እዚያው ይቀመጡ። ከሚወጣ ሰው በታች መብላትም መተኛትም የለም። ከዚያ ወደ ላይ እዩ፦ የተሰነጠቀ ወይም የሚነቃነቅ ድንጋይ አለ? የመጀመሪያው ብሎን ዝጎ ወይም ላልቶ ይታያል? የዞረ፣ የተጣመመ ወይም ዝገቱ ወደ ዓለቱ የፈሰሰ ብሎን ካያችሁ ሌላ መስመር ምረጡ፣ ሌላ መስመር ሞልቷል።

በዚሁ ሰዓት የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ተስማሙ። ውጭ ነፋስ አለ፣ ጅረት አለ፣ አጠገባችሁ ሌላ ቡድንም ይኖራል። ስለዚህ ከትእዛዙ በፊት የሰውየውን ስም ጥሩ። «ገመድ ስጥ»፣ «አጥብቅ»፣ «ያዝ»፣ «አውርድ» ይበቃሉ። ገመድ እንዲላላላችሁ ስትፈልጉ «ልቀቅ» አትበሉ፤ የሰማው ሰው ገመዱን ከነጭራሹ ሊለቅ ይችላል። ድንጋይም ሆነ ካራቢነር ከእጃችሁ ካመለጠ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ። ታች ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ አይይ፤ ወደ ግድግዳው ይጠጋ።

ከመሬት ከመነሳት በፊት

እ.ኤ.አ. በ1989 በዓለም ላይ ካሉት ታላላቅ ዓለት ወጪዎች አንዷ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሊን ሂል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ቢዩክስ በተባለ ቦታ ለማሟሟቂያ የሚሆን መስመር ወጣች። ገመዱን በሃርነሷ ካሳለፈች በኋላ ቋጠሮውን አልጨረሰችም ነበር። ጫፍ ደርሳ ለመውረድ ገመዱ ላይ ስትደገፍ ከሃያ ሜትር በላይ ወደቀች። ዛፍ ስለመታች ውድቀቱ በረደላት፣ ክንዷና እግሯ ተጎድቶ ተረፈች። ያን ቀን የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ ቋጠሮውን ያየ ሁለተኛ ሰው ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሁለቱ ይፈታተሹ፣ በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም። የሚወጣው ሰው የገመድ ያዡን ይመልከት፦ ገመዱ በፍሬን መሣሪያው ውስጥ በትክክል ገብቷል? ካራቢነሩ ተቆልፏል? ተጭናችሁ ሞክሩት። ገመዱን ከመሣሪያው በላይ ድንገት ሳቡት፣ ይይዛል? የገመዱ ጫፍ ተቋጥሯል? ገመድ ያዡ ደግሞ የሚወጣውን ሰው ቋጠሮ ይመልከት፦ ገመዱ በወገቡም በእግሮቹ መሃልም ባሉት ሁለቱ ማለፊያዎች ገብቷል? የስምንት ቁጥሩ መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ? ትርፉ ቢያንስ አንድ መዳፍ ያህል ነው? የሃርነሱ መቀርቀሪያ ጠብቋል?

ቋጠሮ የሚቋጥርን ሰው አታናግሩ። ካናገራችሁት ከመጀመሪያው ይጀምር። ይህን የቡድኑ ሁሉ ሕግ አድርጉት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ብሎኖች

የሚመራው ሰው ከፍ ሲል ያስፈራል፣ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ዝቅ ያለው ውድቀት ነው። ስሌቱን እንየው። ሁለተኛው ብሎን 5 ሜትር ላይ፣ ሦስተኛው 7.5 ሜትር ላይ አለ እንበል። ወገቡ 6 ሜትር ላይ ያለ ሰው ቸኩሎ ገመዱን ወደ ላይ ስቦ ሦስተኛው ላይ ሊያስገባ ሲል ቢወድቅ፣ ከሁለተኛው ብሎን እስከ እጁ 2.5 ሜትር፣ ከእጁ ተመልሶ እስከ ወገቡ 1.5 ሜትር፣ በጠቅላላው 4 ሜትር ገመድ ወጥቷል። ከሁለተኛው ብሎን በታች 4 ሜትር ይወርዳል፤ ወገቡ ከመሬት 1 ሜትር ላይ ነው፣ እግሩ መሬቱን መትቷል። የገመዱ መለጠጥ ገና አልተቆጠረም። ያው ሰው ሦስተኛው ብሎን ወገቡ ጋ እስኪደርስ ጠብቆ ቢያስገባ ግን የወጣው ገመድ 2.5 ሜትር ብቻ ነው፣ ሲወድቅም ወገቡ 2.5 ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል። መቆሚያው የሚመች ከሆነ ትንሽ ከፍ ብሎ ማስገባት ይሻላል ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ብሎን ከመሬት ሆኖ በረጅም ዘንግ ኩዊክድሮውና ገመድ ማስገባት ይቻላል። ለመጀመሪያ ጉዞ ሁሌም እንዲህ አድርጉ እላለሁ።

ገመድ ያዡ በእነዚህ ብሎኖች ጊዜ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ያህል ርቆ፣ በቀጥታ ከሚወጣው ሰው በታች ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይቁም። ገመዱ መሬት ድረስ መንከርፈፍ የለበትም። የሚወጣው ሰው ከገመድ ያዡ በጣም የሚከብድ ከሆነ ሲወድቅ ያዡን ወደ ግድግዳው ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ክብደታችሁን ተነጋግራችሁ ተጣመሩ፣ ካልተቻለ የመጀመሪያው ብሎን ላይ የሚገባ ክብደት ማመጣጠኛ መሣሪያ አለ።

የሚመራው ደግሞ ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። ገመዱ በኩዊክድሮው ውስጥ ሲያልፍ ከግድግዳው በኩል ገብቶ ወደ እሱ መውጣት አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ ሲወድቅ ካራቢነሩን ከፍቶ ሊወጣ ይችላል። ገመዱም ከእግሩ ኋላ አይለፍ፤ ካለፈ ሲወድቅ በራሱ ይገለብጠዋል።

ጫፍ ላይ

መሪው ጫፍ ሲደርስ ለቡድኑ ገመድ ሊሰቅል ከሆነ በራሱ ሁለት ኩዊክድሮው ላይ ይስቀል፣ በሮቻቸውም ተቃራኒ አቅጣጫ ይዩ፤ አንዱ ቁልፍ ያለው ቢሆን ደግሞ እጅግ ይሻላል። ዓለቱ ላይ በተተከሉት ቀለበቶች ውስጥ ቀጥታ ገመድ አስገብቶ ቡድን ሙሉ ቀኑን ሲወርድበት ብረቱ ይበላል። ቀለበቶቹን የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ብቻ ይጠቀምባቸው።

የመጨረሻው ሰው የሚሠራው እንዲህ ነው፦

1. ስሊንጉን ከሃርነሱ ወደ አንከሩ በቁልፍ ካራቢነር ያስራል። ስሊንግ አይለጠጥምና ከአንከሩ በላይ አይወጣም፤ ከዚያ ቢወድቅ አጭር ውድቀትም አደገኛ ነው።
2. «ገመድ ስጥ» ይላል። ገመድ ያዡ ፍሬኑን አይፈታም። ይህን መሬት ላይ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።
3. ከቋጠሮው በታች ያለውን ገመድ አጥፎ እጥፉን በሁለቱ ቀለበቶች ያሳልፈዋል።
4. ያለፈው እጥፍ ላይ የስምንት ቁጥር ቋጠሮ ቋጥሮ በቁልፍ ካራቢነር ሃርነሱ የፊት ማንጠልጠያ ላይ ያስገባል፣ ይቆልፋል።
5. አሁን ብቻ የድሮውን ቋጠሮ ይፈታል፣ ጫፉንም በቀለበቶቹ ይስባል።
6. «አጥብቅ» ይላል፣ ገመዱ ላይ ይቀመጣል። ስሊንጉ ላልቶ ሙሉ ክብደቱ ገመዱ ላይ መሆኑን በዓይኑ ያያል።
7. ከዚያ በኋላ ስሊንጉንና ኩዊክድሮዎቹን ይነቅላል፣ «አውርድ» ይላል።

የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ሰውየው አንዲት ቅጽበትም ከገመዱ አለመለየቱ ነው። የታጠፈ ገመድ የማያሳልፍ ጠባብ ቀለበት ያላቸውን መስመሮች ለሌላ ጊዜ ተዉዋቸው።

ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ጉዳት

የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ከዝናብ በኋላ ደርቆ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ከሆነ መያዣው ይሰበራል፣ ብሎኑም ሊላላ ይችላል። ደርቆ እስኪጠና ቀናት ጠብቁ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወርዳችሁ ከገደሉ ራቁ። በሞቃት ቀን ጥዋት ጥላ ያለውን ጎን ምረጡ፤ እጅ ሲያልበው መያዣው ይንሸራተታል።

የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረ ሰው ንገሩ። ዓለቱ ሥር ስልክ ይሠራ እንደሆነ እንደደረሳችሁ ሞክሩ፣ ካልሠራ የት ድረስ ተሄዶ እንደሚደወል ለዩ። የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ የያዘውን፣ ደዋዩንና መንገድ ላይ ቆሞ እርዳታ ሰጪዎችን የሚመራውን ሰው አሁኑኑ ሰይሙ። ወድቆ አንገቱን ወይም ጀርባውን የተጎዳን ሰው አታንቀሳቅሱ፣ አልብሱት። ራሱን ስቶ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን በፍጥነት ወደ መሬት መውረድ አለበት፤ ሳይንቀሳቀሱ ሃርነስ ላይ መቆየት ራሱ ሊገድል ይችላል።

ስትመለሱ

ከመሄዳችሁ በፊት ዕቃውን ዘርግታችሁ ቁጠሩ። የኩዊክድሮው ባለቤት በቀለም ቴፕ ቢለይ ክርክር አይኖርም። እጅ እንዳይንሸራተት የሚቀባውን ነጭ ዱቄት ምልክቶች በብሩሽ አጥፉ፣ ቆሻሻችሁን፣ የመጸዳጃ ወረቀት ጨምሮ፣ ይዛችሁ ሂዱ።

ቤት ስትደርሱ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቻችሁ መሃል አሳልፉት። የለሰለሰ፣ የሳሳ ወይም ያበጠ ቦታ ይሰማችሁ እንደሆነ አስተውሉ። መሃሉ አካባቢ ሽፋኑ ተቀዶ ነጩ ውስጡ ከታየ ገመዱ ከሥራ ይወጣል። ጉዳቱ ጫፉ አጠገብ ከሆነ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ርዝመት አርሙ፣ የመሃል ምልክቱም ከእንግዲህ መሃሉን እንደማያሳይ ለቡድኑ ሁሉ ንገሩ።